ከፈረንሳይኛ ወደ ፈረንሳይኛ

አንድ ከተማ ውስጥ መኖርና ከተማውን ማየት ለየቅል ናቸው። ካላመናችሁኝ የአርባ ምንጭን ሰው ጠይቁ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች መቼ እንዳያቸው ስትጠይቁት አንገቱን አከክ አከክ ያደርግና የአጎቱ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣ ጊዜ መሆኑን ይነግራችኋል። ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ያየው የሚስቱ እህት ለሠርግ የመጣች ሰሞን ነው። ጨንቻ የወጣው የድሮ አለቃው ሊጠይቁት መጥተው የሚወስዳቸው ቦታ ቢያጣ ነው። እንግዳ ባይኖር ኖሮ አብዛኞቻችን ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስንመላለስ እናረጅና፣ ሁለት ሐይቅ ከእግራችን ሥር ተንጣሎ እያለ የቧንቧ ውሃ ጠፋ እያልን ስናማርር እንሞት ነበር።

እንግዳው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ይከተላል። ሁላችንም በአንድ ጀንበር አስጎብኚ እንሆናለን። ትናንት ያላየነውን ዛሬ እናሳያለን፤ ያላነበብነውን እንተርካለን። እንግዳው አንድ ዋርካ አይቶ ዕድሜውን ከጠየቀን "ኧረ እሱ ጥንት ነው" እንላለን፣ ጥንት ስንተክለው የነበርን ይመስል። የዋርካውን ዕድሜ የሚያውቀው ዋርካው ብቻ ነው፤ ደግነቱ እሱ አያጋልጠንም።

እኔ ይባስ ብዬ ነገሩን ሥራ አድርጌ ይዤው ነበር።

ደርግ ወድቆ ቱሪስት እንደገና ወደ ደቡብ መውረድ በጀመረባቸው ዓመታት አርባ ምንጭ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛን ከምሳዬ ጋር እየጎረስኩ ነው ያደግኩት። አርባ ምንጭ ተመድቤ ስመጣ ግን ይህ ቋንቋ ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ የሠርግ ሱፍ ሆነብኝ፤ ያምራል፣ የሚለበስበት ቦታ የለም። አንድ ክረምት አብሮ አደጌ ሙሉጌታ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሙሉጌታ ትንሽ የአስጎብኚ ድርጅት ከፍቶ ነበር። ፈረንሳዮች፣ ባልና ሚስት፣ የወይን ገበሬዎች ሊመጡ ነው አለኝ። በመንደራቸው እንግዳ ተቀብለው የወይን እርሻቸውን፣ የአያት ቅድመ አያት መጭመቂያቸውን፣ የድሮ ሥዕላቸውን እያስጎበኙ ወይን ጠጅ ያስቀምሳሉ። አሁን ደግሞ ሌላው አገር የእጅ ሥራውንና ቅርሱን እንዴት እንደሚያሳይ ሊያዩ ነው። እነሱ ከወደዱት የመንደራቸው ማኅበር ሰዎች በየዓመቱ ይከተላሉ፤ ካልወደዱት ሙሉጌታ ድርጅቱን ዘግቶ ወደ አባቱ ሱቅ ይመለሳል። "እባክህ በደንብ ያዝልኝ" አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለምነኝ ስለሰማሁ እሺ አልኩ።

እንግዶቹን ይዞ የመጣው ሾፌር ጋሽ ዘለቀ ነበር። የወላይታ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ጴንጤ። አይጠጣም፣ አይምልም፣ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ አይዋሽም። ስንት ሰዓት እንደርሳለን ብላችሁ ብትጠይቁት እንኳ "አላውቅም" የሚል ብቸኛው የኢትዮጵያ ሾፌር ነው። ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ከመኪናው ወርዶ ሰላም ካለኝ በኋላ ወደ ጥግ ሳብ አደረገኝና፣ ሰዎቹ ከአዲስ አበባ እስከ እዚህ እርስ በርስ አንድ ቃል አለመነጋገራቸውን ነገረኝ። ሥርዓታቸው ይሆን ወይስ ታመው፣ ሊለይለት አልቻለም።

እኔ ደግሞ ቶሎ ለየልኝ። ሐይቆቹን ቁልቁል ከሚያሳየው የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ምሳ ስናዝ፣ ማዳም ኦዴት ወደ እኔ ዞር አሉና በጠራ ፈረንሳይኛ ለባላቸው ለሙሴ ሬሞን ባርኔጣቸውን መኪና ውስጥ እንደረሱት ንገርልኝ አሉኝ። ሙሴ ሬሞን ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ክርናቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ሙሴን አየሁ፤ ሙሴ ዓባያን ያያሉ። ማዳምን አየሁ፤ ማዳም ጫሞን ያያሉ። ቢቸግረኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ሙሴ፣ ባርኔጣዎን መኪና ውስጥ ረስተዋል" አልኩ፣ በዚያው በፈረንሳይኛ። ሙሴ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ "ማዳምን አመስግንልኝ" አሉ። አመሰገንኩ።

እንግዲህ አስቡት። ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ላሻግር የተቀጠርኩ ሰው፣ ከፈረንሳይኛ ወደ ፈረንሳይኛ ስተረጉም ዋልኩ። ማዳም ጨው አቀብለኝ በለው ሲሉ ጨው እለምናለሁ፤ ሙሴ ጨው መብላት ተከልክላለች በላት ሲሉ እከለክላለሁ። እየቆየ ሲሄድ የአስተርጓሚ ሁሉ አመል መጣብኝና ነገር ማለስለስ ጀመርኩ። ማዳም "ያ ግትር ሽማግሌ" ሲሉ "ባለቤትዎ" እላለሁ። ሙሴ "አባቷን ቁርጥ" ሲሉ "ቤተሰባቸውን የሚወዱ" እላለሁ። የሚገርመኝ፣ ሙሴ ዋናውን በገዛ ጆሯቸው ሰምተው ሲያበቁ የሚመልሱት ለእኔ ትርጉም ነበር። እንዲያውም የእኔን ሳይመርጡ አልቀሩም።

የጠቡን ምክንያት ለየብቻቸው ነገሩኝ። ማዳም በኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ውስጥ ስንዘዋወር፣ ሙሴ ደግሞ ጫሞ ላይ ጀልባ ውስጥ፣ ጉማሬ በጎናችን እያጉረመረመ። ባልና ሚስት ተጣልተው አንድ ዓይነት ታሪክ ሲያወሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የማዳም አባት በእጃቸው የተከሉት አሮጌ ወይን አለ። አርጅቷል፣ ፍሬው ቀንሷል። ሙሴ ነቅለው አዲስ ሊተክሉ ከሚነቅሉት ሠራተኞች ጋር ተስማምተዋል። ማዳም ይህን የሰሙት ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ከጎረቤት ነው። ጉዞው አስቀድሞ የተያዘ ስለነበር አኩርፈው መጡ፤ ሲመለሱ ወይኑ ይነቀላል። ማዳም ይህን ሲነግሩኝ የአንዱን ሙዝ ግንድ እንደ ሰው ትከሻ እየደባበሱ ነበር። "ከተነቀለ እዚያ ቤት አልገባም" አሉኝ። ቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ዶርዜ ወጣን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል፤ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ጉም። መድረሻችን የአባባ አንጁሎ ቤት ነበር። አባባ አንጁሎ ሸማኔ ናቸው፤ በሰፈሩም ከሽማግሌዎች አንዱ። በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ብዙ ዓመት ሲሠሩ ስለኖሩ አማርኛቸው ፈጣን ነው፤ ወንድና ሴት ላይ ብቻ አይጨነቁበትም፤ ሴቷን "መጣ"፣ ወንዱን "መጣች" ይላሉ። እኔ በጋሞኛ ሰላም ስላቸው ቤተሰቡ በሙሉ ስለሚስቅ፣ በዚህ ጉዳይ አፌን ሞልቼ ለመናገር ድፍረት የለኝም።

ቤቱ ከቀርከሃ ተጠልፎ በኮባ የለበሰ፣ ግንባሩ ወደ ፊት ወጣ ያለ፣ ከሩቁ ዝሆን የተቀመጠ የሚመስል ነው። ማዳምና ሙሴ ሁለቱም ወደዱት፤ በእኔ በኩል ተነጋገሩበት። ከዚያ አባባ አንጁሎ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው እግራቸውን ዘርግተው ድሩን ወጠሩ፣ መወርወሪያዋን ወዲህና ወዲያ ላኳት። ባለቤታቸው እማማ ዳንሴ ደግሞ ፓርሶ የሚሉትን የገብስ ጠላ በቅል ቀድተው አመጡ። ሙሴ ሬሞን እዚህ ላይ ነቃ አሉ፤ ሙያቸው ነው። ቅሉን ከመቀበላቸው በፊት መጠጡ የየት ዓመት ምርት እንደሆነ ጠየቁ። በአባባ አንጁሎ በኩል አደረስኩ። እማማ ዳንሴ አፈር አሉ፤ የትናንት ወዲያ ስለሆነ ትንሽ ቆይቷል፣ ትኩስ ቢጠብቁ ኖሮ ጥሩ ነበር አሉ። ማዳም ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸውና ወደ እኔ ዞረው፣ "ሙሴን ንገራቸው፣ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ለዓመታት ያቆዩትን ወይን ጠጅ የሚገዛቸው አጥተው ይደኸዩ ነበር" አሉኝ። ተረጎምኩ። ሙሴ መለሱ። ያንንም ተረጎምኩ።

መወርወሪያዋ ቆመች።

አባባ አንጁሎ ከጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ሦስታችንን በተራ ሲያዩ ቆይተው፣ "አስተማሪው፣ እነዚህ ሰዎች ባልና ሚስት ናቸው አላልከኝም?" አሉኝ።

ናቸው አልኳቸው።

"ታዲያ አገራቸው ለየብቻ ነው እንዴ? አንዱ የአንዱን ቋንቋ አይሰማም?"

ምን ልበል? መኳረፋቸውን ነገርኳቸው። አባባ አንጁሎ ለእማማ ዳንሴ በጋሞኛ አንድ ቃል ተናገሩ፤ እማማ ዳንሴ ወደ ሙሴ እጅ ሊደርስ የነበረውን ቅል መልሰው ወሰዱት። ጎሜ ነው አሉኝ አባባ አንጁሎ። ጎሜ ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው፤ የሚከፋው ግን አጥፊው ላይ ብቻ አይቆምም፣ ተሻግሮ የጎረቤትን ከብትና ማሳ ይነካል። የተኳረፉ ሰዎች ባሉበት ቤት መጠጥ አይቀዳም፣ ድርም አይወጠርም። ይህን ብለው ከጉድጓዳቸው ወጡ። ጉብኝቱ አበቃ ማለት ነው።

ሙሉጌታ በዓይኔ መጣብኝ፤ ሽርጥ ታጥቆ አባቱ ሱቅ ውስጥ ስኳር ሲመዝን። ለመንኩ። እንግዶች ናቸው፣ ዛሬ መጥተው ዛሬ የሚሄዱ ናቸው፣ ጠባቸውንም ይዘውት ይሄዳሉ አልኩ። አባባ አንጁሎ ግን፣ "እንግዳ ስለሆኑማ ነው፤ የሰፈሬ ሰው ቢሆኑ እስከ ገበያ ቀን እታገሣቸው ነበር" አሉ።

ወጥተው ለእርቅ የሚነጨውን እርጥብ ሣር ይዘው መጡና በሁለቱ መካከል መሬቱ ላይ አኖሩት። ባልና ሚስቱን ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ፈረንጆቹ ይህም የዝግጅቱ አንድ ክፍል መስሏቸው ሙሴ ካሜራቸውን አወጡ። እንዳልሆነ ስነግራቸው ካሜራውን ቀስ ብለው መለሱት፤ ፊታቸው ተለወጠ። ተነሥተው ይወጣሉ ብዬ ነበር። ማዳም ግን ሣሩን ትኩር ብለው አዩና፣ "ልናገር" አሉ።

ተናገሩ። ሙሴም ተናገሩ። እኔ ለሽማግሌው በአማርኛ፣ ሽማግሌው ለባለቤታቸው በጋሞኛ። አባባ አንጁሎ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ስለ ወይን መፍረድ እንደማይችሉ ተናገሩ፤ ተክሉን አይተውት አያውቁም፤ መነቀሉም መቆየቱም ልክ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሚስትየዋ የሰማችው ስምምነቱ ከመደረጉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ መሆኑን አስረዳሁ። ከባሏ ነው የሰማችው ወይስ ከሰው? ከሰው ነው አልኩ።  "እንግዲያው ጠቡ የተክል አይደለም" አሉ አባባ አንጁሎ።

ይህንን ለሙሴ ስተረጉምላቸው ዓይናቸው ከሣሩ ላይ አልተነሣም። ከቤቱ ወዲያኛው ጥግ የታሰረችው ላም ታመሰኳለች። በመጨረሻ ሙሴ ወደ እኔ ዞረው፣ "ማዳምን ንገራት" ብለው ጀመሩ። አፌን ስከፍት አባባ አንጁሎ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ፈረንሳይኛ አያውቁም፤ የማን ተራ እንደሆነ ግን አውቀዋል።

"አንተ ዝም በል" አሉኝ።

ሙሴ እኔን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ መሸሻ አጡ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ኦዴት" አሉ፤ የሚስታቸውን ስም ሲጠሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "እንቢ ትያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።"

"እንቢ እልህ ነበር" አሉ ማዳም። አስከትለውም፣ "ቢሆንም ልትጠይቀኝ ይገባ ነበር" አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

አባባ አንጁሎ "ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ፤ ማዳምን ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። አባባ አንጁሎ ተርጉመውላቸው እማማ ዳንሴ ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡና ባላቸውን በጣታቸው እያመለከቱ በጋሞኛ ረዥም ነገር ተናገሩ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምን አሉ ብዬ ስጠይቃቸው ምንም አላሉም አሉኝ። ኋላ በተሰባበረው ጋሞኛዬ ጠይቄ ከራሳቸው ከእማማ ዳንሴ እንደተረዳሁት፣ አባባ አንጁሎ አንድ ጊዜ ሳይነግሯቸው ላም ሸጠው ነበር።

ከዚያ ቅሉ ተመለሰ። በአገሩ ደንብ ሁለት ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው፣ ከአንድ ቅል፣ በአንድ ጊዜ ይጠጣሉ። ልምድ ለሌለው ሰው ቀላል አይደለም። ግማሹ ፓርሶ የማዳም ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ፣ ሩቡ የሙሴ ጢም ውስጥ ቀረ። ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ከቆጮው፣ ከማሩና ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ያንን ቅል እንዴት ደጋግመው እንዳስሞሉት አልናገርም።

አሁን ሰላም ሆነና እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። መኪናው ውስጥ ገብተን የመጀመሪያውን ጠምዛዛ እንዳለፍን ጨዋታው ወደ ወይኑ ዞረ፤ ከሁለተኛው በኋላ ድምፅ ከፍ አለ፤ ጉሙ ተገፎ ሐይቆቹ ከታች ብቅ ሲሉ ባልና ሚስቱ ከነገ ወዲያ እንደማይገናኙ ሰዎች ይጨቃጨቁ ነበር። የቀበሩትን ሁሉ አወጡት። አባትየው መጡ፣ ጎረቤትየዋ መጣች፣ ያልገባኝ የአንድ ትራክተር ነገርም መጣ። ማንም አስተርጓሚ አልፈለገም። ጋሽ ዘለቀ በመስታወቱ እያየ፣ እየተጣሉ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

"ታርቀው ነው" አልኩት።

ወይኑ እኩሌታው ሳይነቀል ቀረ አሉ። የትኛው እኩሌታ ይቅር በሚለው እስከ ዛሬ ይሟገታሉ ይባላል።

የሙሉጌታ ስልክ ጥቂት ቆይቶ መጣ። ደስታው አፉን አስሮታል። ሰዎቹ አገራቸው ገብተው ለማኅበራቸው ያወሩት ስለ አዞ አይደለም፣ ስለ ሸማም አይደለም፤ ስለዚያ ቤት ነው። የማኅበሩ ሰዎች ሊመጡ ነው፤ የጠየቁትም ያንኑ እርቅ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ውስጥ በቋሚነት ይግባ አለኝ፤ በአምስት ሰዓት እርቅ፣ በስድስት ሰዓት ምሳ። እርቅ እንዲህ በሰዓት እንደማይያዝ ላስረዳው ሞከርኩ። ሙሉጌታ ግን ነጋዴ ነው፤ አዞውስ በሰዓት ይታይ የለም ወይ አለኝ።

ዶርዜ ወጥቼ አባባ አንጁሎን አማከርኩ። ይሳቁብኛል ወይ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። "ይምጡ፤ ግን የተጣሉ አምጣ" አሉ።

የማኅበሩ ሰዎች መጡ። እንደነሱ የተዋደዱ ሰዎች በዕድሜዬ አላየሁም። ኩልፎ ዳር አንዱ ለአንዱ ሙዝ እየላጠ ይጎራረሳሉ፤ ጀልባ ላይ ጥሩውን ቦታ አንተ ተቀመጥ፣ አንቺ ተቀመጪ ይባባላሉ። አንዲት መነጽር ያደረገች ወይዘሮ ነበረች፤ የሁሉንም ቦርሳ ካልተሸከምኩ ትላለች። ሌሊቱን በሙሉ ተነጫንጮ ያደረ፣ በምግብ የተከፋ፣ በክፍል የተቀየመ ፈለግኩ። የለም። ወደ ዶርዜ ስንወጣ ጭንቀቴ ከጉሙ ጋር ወፈረ። በመጨረሻ ዘዴ መጣልኝና ከጎኑ ለተቀመጥኩት ለጋሽ ዘለቀ በአማርኛ አዋየሁት፤ እኔና አንተ እንደተጣላን ሆነን እንግባ፣ ሽማግሌው ያስታርቁን፣ ሰዎቹ ይዩ።

"እኔ በውሸት አልጣላም" አለ።

ትንሽ ነገር ነው፣ ለሰው ጥቅም ነው አልኩት። ውሸት ትንሽ የለውም አለ። ሁለታችንንም የሚያኖረን ይህ ሥራ ነው አልኩ። ያኖረው ማን እንደሆነ እንደሚያውቅ ተናገረ። ይሄኔ ደሜ ፈላና፣ በዚህ አገር ጻድቁ አንተ ብቻ ነህ ወይ አልኩት። ጋሽ ዘለቀ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ጉሙን ፊት ለፊት ተጋፈጠና፣ እስከዚያ ቀን ያፈነውን አወጣው። ፈረንሳይኛ ባያውቅም ረዥም ንግግር አጭር ሆኖ ሲወጣ እንደሚያይ፣ ሰዎች ስቀው የተናገሩትን እኔ ኮስተር ብዬ ሳደርሰው እንደሚያይ፣ እንደ እኔ ካለ ሰው ጋር መሥራት እንዳስጠላው ነገረኝ። እኔም የመለስኩለትን እዚህ ብጽፈው ደግ አይሆንም። እንግዶቹ ከኋላ ሆነው ስለ መልክዓ ምድሩ ውበት ያወራሉ።

አባባ አንጁሎ ደጃፍ ስንደርስ እኔና ጋሽ ዘለቀ በየበራችን ወርደን በየአቅጣጫችን ቆምን። ሽማግሌው እንግዶቹን አንድ በአንድ ሰላም አሉና፣ ከእነዚህ መሃል የተጣሉት የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቁኝ። አንድም የለም አልኩ።

"እናንተስ?" አሉ፣ እኔንም ጋሽ ዘለቀንም እያዩ።

እኔ መሬት አየሁ። የማይዋሸው ጋሽ ዘለቀ መለሰ፤ "እኛ ተጣልተናል።"

ሣሩ ተነጨ። ተቀመጥን። የዚያን ቀን የተነገረውን ሁሉ አልዘረዝርም፤ ከተጠየቅኩት ነገር ግማሹን በሐፍረት፣ ግማሹን በላብ መለስኩ። ጋሽ ዘለቀም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጻድቅ ያልሆነባቸውን ጥቂት ነገሮች ሳይጠየቅ ተናገረ። እርቁ ሲያልቅ ጋሽ ዘለቀ ፓርሶ ስለማይጠጣ እማማ ዳንሴ ወተት በቅል አመጡልን። ያ ወፍራም ጉንጭ ከጉንጬ ተጣብቆ፣ ወተቱ በሁለታችን አንገት ሲንቆረቆር፣ ከዙሪያችን የካሜራ ድምፅ እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር።

ስንመለስ መነጽራማዋ ወይዘሮ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ዘንበል ብላ ብዙ ነገር ተናገረች። ጋሽ ዘለቀ ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። ሳልቀንስና ሳላለሳልስ ልተረጉም በሽማግሌ ፊት የገባሁት ቃል ገና ከአንገቴ ላይ አልደረቀም፤ አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩለት። ሁለታችንም ድንቅ ተዋንያን ነን ብላለች፤ በተለይ ወፍራሙ፤ ያ እንባ እንኳ እውነተኛ ይመስል ነበር ብላለች።

ጋሽ ዘለቀ ጥቂት ጠምዛዛዎችን ነዳ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ሲያይልበት መኪናውን ዳር አስያዘ፣ መሪውን ተደግፎ እስኪበቃው ሳቀ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ሞተሩን አስነሣ።

"ሌሎች ሲመጡም እንውጣ" አለኝ። "በምን እንደምንጣላ ግን አስቀድመህ እንዳትነግረኝ።"